ክሉቭ የሚሸሽ ውሻ

እሷ፦ ወንድሜ፣ እኛ ባደግንበት አገር ውሻ ደጅ አድሮ በር ይጠብቃል። እዚህ ነታንያ ግን ፎቅ ላይ አብሮን ይኖራል። ልጆቼ ያመጡት ውሻ ክሉቭ፣ ማለት የሽቦ ሳጥኑን፣ ሲያይ አልጋ ሥር ይገባል። እኔም እስር ቤት ስለመሰለኝ ትቼው ነበር።

እሱ፦ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፣ እህቴ። በሰኔ 2025 የኢራን ሚሳኤል ሲመጣ ሐሳቤ ተቀየረ። ማማድ (የቤት ውስጥ መጠለያ ክፍል) በሌለው አሮጌ ሕንፃ ለምንኖር ሰዎች፣ ሳይረን ሲጮህ ሕፃንና አዛውንት በተጨናነቁበት የጋራ ሚክላት (መጠለያ) ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ውሻ መያዝ ከባድ ነው። ክሉቭ የለመደ ውሻ ግን መሸሸጊያው አብሮት ይወርዳል።

እሷ፦ ታዲያ እንዴት አለመድከው?

እሱ፦ በሩን ክፍት ትቼ፣ የለበስኩትን አሮጌ ሹራብ ውስጡ አነጠፍኩ። የመጀመሪያ ቀን ቁራሽ ዶሮ ደፉ ላይ አኖርኩ። የኋላ እግሮቹን ውጭ ተክሎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ነጥቆ ሮጠ! ዝም አልኩት። በሳምንቱ ምግቡን ውስጥ ገብቶ በላ። ከዚያ በሩን ለአፍታ ገርበብ፣ ቆይቶም ለአምስት ደቂቃ ዝግ።

እሷ፦ እኔ ገፍቼ አስገብቼው ነበር፤ አሁን ይቆጨኛል።

እሱ፦ በግድ የገባ ይጠላዋል። ለቅጣትም አይሁን። ስፋቱም ቆሞ የሚዞርበት ይሁን። ለሀጩ እየተዝረበረበ ሽቦ ከነከሰ ግን ለእንስሳት ሐኪሙ ይነገረው፤ ለዓመታዊው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መሄዳችን አይቀር።

እሷ፦ ዛሬ ማታ በሩን ከፍቼ እጀምራለሁ። ዶሮም ተርፎኛል።