በሥራ ቦታ ስለ ፈሳሽ ጋዝ አያያዝና ስለሚያስከትለው አደጋ

በጂቡቲ ከተማ በካርቲየ 2 ለምግብ ቤት ባለቤቶች፤ ለእጅ ሥራ ባለሙያዎችና ለሠፈሩ ሹማምንት የቀረበ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቀርቤ የምናገረው በየማድ ቤታችንና በየሥራ ቦታችን ዕለት ዕለት ስለምንገለገልበት ስለ ፈሳሽ ጋዝ፤ ማለት በተለምዶ ቡታጋዝ ስለምንለው ነዳጅ ነው። ይህ ነዳጅ ከከሰልና ከላምባ ይልቅ ፈጣንና ንጹሕ በመሆኑ ምግብ ቤቱም፤ ዳቦ ጋጋሪውም፤ ብረት ቆራጩም ወዶታል። መውደዳቸውም የሚገባ ነው። የመጣሁት ጋዝን ተዉት ለማለት ሳይሆን ጠባዩን ዐውቃችሁ እንድትገለገሉበት ለማሳሰብ ነው።

ጠባዩም በአጭሩ ይህ ነው፤ ከሲሊንደሩ ያመለጠ ጋዝ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም። ወደ ታች ወርዶ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ ብልጭታም እስኪያገኝ ድረስ ይጠብቃል።

በሲሊንደር ውስጥ ያለው ቡቴንና ፕሮፔን የተባሉት ጋዞች ናቸው። ሁለቱም በግፊት ሲታመቁ ፈሳሽ ይሆናሉ፤ ግፊቱ ሲለቃቸው ተመልሰው ጋዝ ይሆናሉ። አንድ ሊትር ፈሳሽ ቢያመልጥ 250 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ክብደቱም ከአየር ይበልጣል፤ ፕሮፔን አንድ ጊዜ ተኩል፤ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ደረጃ ወርዶ፤ በቦይ ተጉዞ፤ በበር ሥር ሾልኮ ወደ ጎረቤት ቤት ሊገባ ይችላል።

ከአየር ጋር ሲቀላቀልም ከመቶው 2 እጅ ያህል ከሆነ ሊፈነዳ ይበቃዋል። እስቲ እናስላው። 12 ኪሎ ቡቴን ሙሉ በሙሉ ቢያመልጥ 5 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይሆናል። ይህም ርዝመቱ 10፤ ስፋቱ 8፤ ከፍታው 3 ሜትር የሆነን አዳራሽ በሙሉ ለፍንዳታ ሊያዘጋጅ ይችላል። ከእኛ ማድ ቤቶች መካከል ይህን የሚያህል ስፋት ያለው ስንቱ ነው?

ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። የምናውቀው መጥፎ ሽታ መርካፕታን የሚባል ነገር ሆን ተብሎ ተጨምሮበት ነው፤ እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል እንዲሆነን። ይሁን እንጂ አፍንጫ በሽታው መካከል ሲቆይ ይለምደዋል። ተኝቶ ያለ ሰውም አያሸትም። በማድ ቤት ውስጥ ከሲሊንደር አጠገብ ሠራተኛ ማስተኛት ከቶ የማይገባው ስለዚህ ነው። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ፍሪጁ ማንም ሳይነካው በራሱ ተነሥቶ ይሠራል፤ ከሞተሩ የምትወጣው ትንሽ ብልጭታም በወለሉ የተኛውን ጋዝ ለማቀጣጠል ትበቃለች።

ይህን ለማስረዳት ከባሕር ማዶ የደረሱ ሁለት አደጋዎችን ልጥቀስ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጃንዋሪ 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በፈረንሣይ አገር በሊዮን ከተማ አጠገብ በፌዛን ማጣሪያ አንድ ሠራተኛ ከፕሮፔን ማከማቻ ናሙና ለመቅዳት መክፈቻውን ከፈተ። የሚወጣው ጋዝ ብርድ መክፈቻውን በበረዶ ስላደረቀው መልሶ መዝጋት አልተቻለም። ጋዙ እንደ ጉም መሬት ለመሬት ሄዶ አውራ ጎዳና ደረሰ፤ በዚያም በሚያልፍ አውቶሞቢል ተቀጣጠለ። እሳቱ ወደ ማከማቻው ተመልሶ ጋኑን ካጋለው በኋላ ጋኑ ፈነዳ። 18 ሰዎች ሞቱ፤ ከነርሱም 11 እሳት ለማጥፋት የመጡ ነበሩ።

ሁለተኛው በሜይ 11 ቀን 2004 ዓ.ም. በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የደረሰው ነው። በ1969 ዓ.ም. የተዘረጋ የጋዝ ቧንቧ ከመሬት በታች ተቀብሮ ዝጎ ነበር። ከተቀደደው ቧንቧ ያመለጠው ጋዝ ወደ ምድር ቤቱ ገብቶ ተጠራቀመ፤ በሥራ ሰዓትም ፈንድቶ ሕንጻውን አፈረሰው። 9 ሰዎች ሞቱ፤ 33 ቆሰሉ። የሚያሳዝነው ከአደጋው 15 ዓመት ያህል አስቀድሞ ቧንቧው ተቆፍሮ እንዲታይ ምክር ተሰጥቶ የነበረ መሆኑ ነው። ምክሩ በወረቀት ቀረ፤ ቧንቧውም በመሬት ውስጥ ዝገቱን ቀጠለ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። በካርቲየ 2 ብዙዎቹ ቤቶች ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩና የተጠጋጉ ናቸው። የአንዱ እሳት የሁሉ እሳት ነው። በበጋውም ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ሙቀት የአየርን ግፊት 8 እጥፍ ያህል ይገፋል፤ በ50 ዲግሪ ግን ወደ 17 እጥፍ ይደርሳል። ፈሳሹም በሙቀት ያብጣል፤ ሲሊንደር ከመቶ 80 ወይም 85 እጅ ብቻ የሚሞላው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ የአየር ማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ አየር እንዳይወጣ እያልን መስኮቱንና በሩን እንዘጋለን፤ ያመለጠ ጋዝ የሚወጣበትንም መንገድ አብረን እንዘጋለን።

ስለዚህ በየሥራ ቦታው የሚከተለው ይጠበቅ።

አንደኛ፤ ሲሊንደር ዘወትር ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አይጋደም። ቢጋደም ጋዙ ሳይሆን ፈሳሹ ወደ ምድጃው ይሄዳል። የሚቆምበትም ስፍራ ነፋስ የሚያገኘው፤ ጥላ ያለው፤ ከቦይና ከጉድጓድ የራቀ ይሁን። ትርፍ ሲሊንደር፤ ባዶ የሚባለውም ጭምር፤ በማድ ቤት አይከማች። በባዶው ውስጥ ምን ጊዜም የተረፈ ጋዝ አለ።

ሁለተኛ፤ ማድ ቤቱ በግድግዳው ግርጌ ክፍት የአየር መውጫ ይኑረው። ከላይ ብቻ ያለ መስኮት ለከባድ ጋዝ አይበቃም።

ሦስተኛ፤ ጎማውና ሬጉላተር የሚባለው ግፊት መቀነሻ በየጊዜው ይታይ። የተሰነጠቀ፤ የደረቀ ወይም ጊዜው ያለፈበት ጎማ ይለወጥ። መፍሰሱን ለማወቅ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዙ ይወጣል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ ግን ሞትን መጥራት ነው።

አራተኛ፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ይሁን። ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ከሰጠ ጋዙ በደንብ አልነደደም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውንም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። ፈሳሹ በእጅ ላይ ቢፈስም በቅዝቃዜው እንደ እሳት ያቆስላል፤ የሚነካው ሠራተኛ ጓንት ያድርግ።

አምስተኛ፤ ጋዝ ከሸተተ ክብሪት አይጫር፤ የኤሌክትሪክ ማብሪያ አይበራ፤ የበራውም አይጥፋ፤ ማጥፋትም እንደ ማብራት ብልጭታ ያወጣልና። የሲሊንደሩ መክፈቻ ይዘጋ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሰው ሁሉ ይውጣ፤ ስልክም ከውጭ ሆኖ ይደወል።

ስድስተኛ፤ ከመክፈቻው የሚወጣ ጋዝ ቢቀጣጠልና መክፈቻውን መዝጋት ባይቻል ነበልባሉን ለማጥፋት አትታገሉ። ነበልባሉ ጠፍቶ ጋዙ ሲወጣ የባሰ አደጋ ይመጣል። እሳት የነካው ሲሊንደር ሊፈነዳ ስለሚችል ሰውን ሁሉ አርቁ፤ ማቀዝቀዙን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ተዉ። ቁጥራቸውም በግድግዳ ላይ ተጽፎ ይታይ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ሁሉ በስም ለታወቀ ሰው ይሰጥ። «ሁላችንም እናያለን» የተባለ ነገር ማንም የማያየው ነገር ነው። ባለቤቱ ማታ ገንዘቡን ቆጥሮ እንደሚቆልፍ ሁሉ፤ የሲሊንደሩን መክፈቻ ከራሱ ከሲሊንደሩ ላይ የሚዘጋ፤ መዝጋቱንም በመዝገብ የሚፈርም አንድ ኀላፊ ይሾም። ለአዲስ የተቀጠረው ልጅም ምድጃውን ከማስነካት በፊት ይህ ሁሉ በሚሰማው ቋንቋ፤ በአማርኛም ሆነ በሶማልኛ፤ በአፋርኛም ሆነ በዐረብኛ ይነገረው።

ክቡራን ሹማምንት፤ ከእናንተም የምንጠብቀው አለ። ሲሊንደር የሚቀመጥባቸው የሥራ ቦታዎች ይመዝገቡ፤ ለእሳት አደጋ መኪና የሚሆን መተላለፊያ ክፍት ይሁን፤ ተመልካች የሰጠው ምክርም መፈጸሙ እንደገና ይታይ። የግላስጎዎቹን 9 ሰዎች የገደለው የምክር እጦት አልነበረም፤ ምክሩን የሚከታተል መጥፋቱ ነው።

ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ፤ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጐንበስ ብላችሁ መክፈቻውን ተመልከቱ። ድካሙ የአንድ ደቂቃ ነው፤ የሚያድነው ግን የራሳችሁን፤ የሠራተኛችሁንና በቀጭኑ ግድግዳ ማዶ የሚተኛውን የጎረቤታችሁን ሕይወት ነው።