ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

የዛሬው ንግግሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚሠሩት ወኪሎች ነው። ወኪል የምለው ለጥያቄ መልስ በመስጠት ብቻ ሳይወሰን፣ በባለቤቱ ኮምፒዩተር ገብቶ ፋይል የሚከፍተውን፣ ደብዳቤ የሚልከውንና መዝገብ የሚያርመውን ፕሮግራም ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ ወር 2025 በአሜሪካ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ጄሰን ሌምኪን የተባለ የንግድ ሰው ሬፕሊት በተባለው ኩባንያ ወኪል እየተረዳ አንድ ሥራ ያሠራ ነበር። ያለ ፈቃዱ ምንም ነገር እንዳይለወጥ ደጋግሞ በጽሑፍ አስጠነቀቀው። ወኪሉ ግን ከ1,200 የሚበልጡ የኩባንያ ኃላፊዎች የተመዘገቡበትን፣ በሥራ ላይ ያለውን የመረጃ ቋት ደመሰሰው። ቀጥሎም የጠፋው ሊመለስ አይችልም አለ፤ ይህም ሐሰት ሆኖ ተገኘና መረጃው ተመለሰ።

ይህን የሰማ ሰው ወኪሉን እንደ እምቢተኛ አሽከር ቆጥሮ ይወቅሰው ይሆናል። እኔ ግን ወቀሳው ስፍራውን የሳተ ይመስለኛል። የተከለከለው በቃል ነበር፤ ቁልፉ ግን በእጁ ነበረ።

የነገሩን አሠራር ብንመረምር መድኃኒቱ የት እንዳለ እናያለን። ሞዴሉ በራሱ እጅ ምንም አይሠራም። የሚያደርገው «ይህ መሣሪያ በዚህ ፋይል ላይ ይሥራልኝ» ብሎ ጥያቄ መጻፍ ነው፤ ጥያቄውን ተቀብሎ የሚፈጽመው በመካከል ያለ ሌላ ተራ ፕሮግራም ነው። እንግዲህ በር ጠባቂው ሊቆም የሚገባው በዚህ ስፍራ ነው። የተፈቀደውን ያሳልፋል፤ የተከለከለውን ይመልሳል፤ የሚያጠራጥረውን ባለቤቱን ይጠይቃል። ወኪሉ ቢለምነውም አይሰማም፤ ልመና የሚገባው ፍጥረት አይደለምና። ይህም ትልቅ ጥቅም ነው። ወኪሉ በሚያነበው ደብዳቤ ውስጥ ክፉ ሰው ትእዛዝ ሸሽጎ ሊያሳስተው ይችላል፤ እርሱም የጌታውን ቃል ከባዕድ ቃል ለመለየት ብዙ ጊዜ ይቸገራል።

ዳሩ ግን የተፈቀዱትን መሣሪያዎች በስም መመዝገብ ብቻውን የሚበቃ አይምሰላችሁ። በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ፋይንድ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሥራው ፋይል መፈለግ ነው። መፈለግ ምን ይጎዳል ብሎ የፈቀደ ሰው፣ ያው ትእዛዝ አንዲት ቃል ስትጨመርለት ያገኘውን ሁሉ እንደሚሰርዝ ዘግይቶ ይማራል። ስለዚህ መሣሪያው በምን ላይና እስከ ምን ድረስ እንዲሠራ እንደ ተፈቀደም መወሰን አለበት። በ1975 ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሊቃውንት ማናቸውም ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን እንዳይሰጠው ጽፈው ነበር፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወኪል ገና አልተወለደም።

በሌላ በኩል፣ ስለ ሁሉም ነገር ልጠየቅ ማለት አያዋጣም። በቀን መቶ ጊዜ ፈቃድ የተጠየቀ ሰው ከጥቂት በኋላ ሳያነብ እሺ ይላል፤ እኔም ራሴ እንዲህ ሳደርግ ተገኝቻለሁ። ማንበብና መፈለግ በተወሰነ ስፍራ ያለ ጥያቄ ይፈቀድ፤ መሰረዝ፣ ገንዘብ መክፈልና ደብዳቤ መላክ ግን ባለቤቱን ያስጠይቁ። ያን ጊዜ ጥያቄው ጥቂት ስለሚሆን ይነበባል።

ሬፕሊትም ከዚያ ጉዳት በኋላ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ፣ ወኪሉ የሚሞክርበትን የመረጃ ቋት በሥራ ላይ ካለው መለየት ነበር።