ሁለት ኃይሎች ባንድ ጊዜ ሲነሡ
(በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ የተደረገ ንግግር)



ስለ ካርታ ጨዋታ እንናገራለን ስንል ከመካከላችሁ የሣቁ ነበሩ። የሣቁትን አንቀየምም። ነገሩ ግን የካርታ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ባንድ ቅጽበት መብት ሲኖራቸው የማንኛው ይቀድማል የሚል ጥያቄ ነው። በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ባለፈው ውድድር ሁለት ጓደኛሞች ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ስለ ደረሱ፣ የሚመጣው ውድድር ሳይጀመር ሕጉን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ጨዋታው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ፈጥሮት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ተጫዋቹ ካርታውን እየገዛና እየተለዋወጠ የራሱን ስብስብ ያዘጋጃል፤ ብዙውን ጊዜ በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራል፤ 0 የደረሰ ይሸነፋል። በገበጣ ጠጠሩን የሚዘራው አንድ እጅ ነው፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ይቈጥራል። በዚህኛው ግን በካርታው ላይ የተጻፈው ቃል ምክንያት ባገኘ ጊዜ ማንም ሳያዘው ብድግ ይላል። «ይህ ሲሆን»፣ «ይህ በሆነ ቍጥር»፣ «በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ላይ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ሁሉ እንዲህ ያለ ነው። እኛ በጠረጴዛችን «ተነሺ ኃይል» እንለዋለን።

ተነሺው ኃይል ወዲያው አይፈጸምም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ሕግ በተደነገገው «ቁልል» ላይ ተራውን ይጠብቃል። እንጀራ ሲጋገር ያየ ሰው ቁልሉን ለመረዳት አይቸግረውም፤ መጨረሻ ከምጣድ የወጣው ከላይ ይደረባል፤ የሚነሣውም ከላይ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ ተነሺ ኃይል ቢኖራቸው፣ አስቀድሞ ባለተራው የራሱን ሁሉ በፈለገው ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ተራ ጠባቂው የራሱን በዚያ ላይ ይደርባል። ስለዚህ የተራ ጠባቂው አስቀድሞ ይፈጸማል። ጠቡ ሁሉ የሚመጣው ማስቀመጥንና መፈጸምን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። «ባለተራ ይቀድማል» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ የሚቀድመው ግን በማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ተጣላንበት እንምጣ። ብለድ አርቲስት የሚባል በ2012 ዓ.ም. የወጣ ካርታ አለ። እርሱ ራሱ ወይም ሌላ ፍጡር በሞተ ቍጥር ባለቤቱ የመረጠው ተጫዋች 1 ነጥብ ያጣል፤ ባለቤቱ 1 ያገኛል። በግማሽ ፍጻሜው አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪና አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይህንኑ ካርታ በፊታቸው ዘርግተው፣ ሁለቱም 1 ነጥብ ብቻ ቀርቷቸው ሳሉ፣ በእርሱ ተራ አንድ ሌላ ፍጡር ሞተ። ሁለቱም ካርታዎች ተነሡ። እርሱ «ተራው የእኔ ነውና አሸነፍሁ» አለ። እርሷ ዝም አለች። አንድ ደግ ገላጋይ መጥቶ «ባንድ ጊዜ ሞታችኋልና እኩል ናችሁ» ብሎ አስታረቀ፤ ጨዋታው እንደ አዲስ ተጀመረ፤ በሁለተኛው እርሷ ተሸነፈች።

በሕጉ መሠረት ግን መጀመሪያውኑ አሸንፋ ነበር። የእርሷ ኃይል ከላይ ስለ ነበረ አስቀድሞ ተፈጽሞ እርሱን ወደ 0 ያወርደዋል፤ እርሷ 2 ትሆናለች። ቀጣዩ ኃይል ከመፈጸሙ በፊት የሕይወት ነጥብ ይመረመራል፤ 0 የሆነው በዚያው ይሸነፋል። እኩል የሚባለው ሁለቱ ባንድ ምርመራ 0 ሆነው ሲገኙ ነው። እርቅ መልካም ነገር ነው፤ የሽማግሌን ዋጋ አናቃልልም፤ ነገር ግን የተጻፈ ሕግ ባለበት የተደረገ እርቅ ካንዱ ወስዶ ለሌላው መስጠት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በሚመጣው ውድድር ይህች እኅታችን ያለ ማጣሪያ ወደ ግማሽ ፍጻሜው እንድትገባ ኮሚቴውን እንጠይቃለን።

«ተራው የእርሱ ሆኖ ሳለ ሕጉ ለምን ተራ ጠባቂውን ይጠቅማል?» ያሉን አሉ። ለእኛ እንደሚመስለን ባለተራው ሌላ ብዙ ጥቅም አለው። ኃይሎቹ ከተደረቡ በኋላ እንኳ አስቀድሞ መልስ የመስጠት ዕድል የእርሱ ነው። ያ ወንድማችን ሾክ የሚባለውን፣ 2 ነጥብ የሚጐዳውን ካርታ ከነዋጋው በእጁ ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ በቁልሉ አናት ላይ ጥሎ እርሷን ሊቀድማት ይችል ነበር። የእርሷን ብለድ አርቲስት መግደል ግን አያድነውም። ጥይቱ ከወጣ በኋላ ጠመንጃውን መስበር ምን ይጠቅማል?

ሁለቱም ኃይሎች ያንድ ሰው ሲሆኑ ነገሩ ጠብ መሆኑ ቀርቶ ብልኀት ይሆናል። ዳርክ ኮንፊዳንት በተራችን መጀመሪያ የላይኛውን ካርታ ገልጦ በእጃችን ያስገባል፤ የካርታውን ዋጋ ያህል ነጥብም ያስከፍለናል። ፋይሬክሲያን አሬና በዚያው ሰዓት አንድ ካርታ ያስስበንና 1 ነጥብ ብቻ ይወስዳል። የላይኛው ካርታ ዋጋው 6 መሆኑን አስቀድመን ካወቅን ኮንፊዳንትን ከታች፣ አሬናን ከላይ እናደርጋለን፤ ውዱን ካርታ በ1 ነጥብ እንወስደዋለን። አገልብጦ የደረበ ለዚያው ካርታ 6 ይከፍላል።

ዩጊኦ የሚባለውን የጃፓን ጨዋታ የምትጫወቱ ወገኖች ይህን ሕግ ወደዚያ እንዳታዛውሩት። በዚያ ሰንሰለቱ ሲሠራ ግድ የሆኑት ኃይሎች፣ መጀመሪያ የባለተራው ቀጥሎ የባላጋራው፣ ይቀድማሉ፤ በፈቃድ የሆኑት በዚያው ሥርዓት ይከተላሉ፤ ከዚያ ሁሉም ከኋላ ወደ ፊት ይፈጸማሉ።

ለውድድሩ የምናሳስበው ይህን ነው። ኃይሉ ሲነሣ ባለቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገር፤ አንዳንድ ሳንቲም በጠረጴዛው መካከል ይደርብ፤ ሳንቲሙም ከላይ ይነሣ። በአራት ሰዎች ጨዋታ ከባለተራው ጀምሮ እንደ ሰዓት አቅጣጫ እየዞረ ይቀመጣል፤ ስለዚህ በባለተራው ቀኝ የተቀመጠው መጨረሻ አስቀምጦ መጀመሪያ ይፈጸምለታል። በዚያ ወንበር ለመቀመጥ ከአሁኑ የምትሽቀዳደሙ ካላችሁ፣ ተራው ስለሚዞር ወንበሩም አብሮ እንደሚዞር እወቁ።