እጅ ሲላላ ዶማው ይሠራል

(በጋምቤላ ለጎልማሶች የንባብ ክፍል የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ ስለ እጅ አንጓ ልነግራችሁ ነው። አንጓ የምንለው መዳፍና ክንድ የሚገናኙበትን፣ አምባር የምናጠልቅበትን ቦታ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ትምህርት ይሆናል?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ሥራችሁንም፣ ጤናችሁንም፣ እርሳሳችሁንም የሚመለከት ነው። ደግሞም ለእኔ ያስተማራችሁኝ እናንተው ናችሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከዩኒቨርሲቲ ወደዚህ ስመጣ ዶማ ይዤ አላውቅም ነበር። እናንተ እንደምታውቁት፣ ባሮ በክረምት ሞልቶ ሲጎድል በዳሩ እርጥብ አፈር ይቀራል። እዚያ ላይ በቆሎ ይዘራል። በዚህ ቆላ የገንዲ በሽታ በሬ ስለሚጨርስ ብዙው ሥራ በእጅ ነው። እኔም አንድ ቀን ላግዝ ብዬ ወረድኩ።

ወጣት ነኝ ብዬ ዶማውን እንደ ሌባ አንቄ ያዝኩት። መሬቱን በሙሉ ኃይሌ ደበደብኩት። አንድ ሰዓት ሳልቆይ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። በማግስቱ አንጓዬ አብጦ ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ማታ ለትምህርት የመጣው ሰው ሁሉ በእኔ እጅ ምክንያት ወደ ቤቱ ተመለሰ። በጣም አፈርኩ።

በዚያ ቀን ከአጠገቤ አንድ የአኙዋ አዛውንት ይቆፍሩ ነበር። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ይመስለኛል። እኔ ላብ በላብ ስሆን እሳቸው አልደከሙም። አዩኝና ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ ዶማውን ለምን ታንቀዋለህ? አያመልጥህም እኮ!» አሉኝ።

«አባባ፣ ካላጠበቅሁት ከእጄ አይወጣም ወይ?»

«ያዘው እንጂ አትነቀው። ስታነሳው አንጓህን አላላ። ሲወርድ በራሱ ክብደት ይወርዳል። አንተ መንገዱን ብቻ አሳየው።»

እንግዲህ አዛውንቱ ያሉት ትክክል የሆነበትን ምክንያት እንይ። አሁን ግራ ክንዳችሁን በቀኝ እጃችሁ ያዙ። የግራ ጣቶቻችሁን ጨብጡ፣ መልሳችሁ ዘርጉ። ክንዳችሁ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ አይደል? ጣቶችን አጥብቀው የሚያጥፉት ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት እዚያ ነው። ከጡንቻዎቹ እስከ ጣቶች ድረስ እንደ ገመድ የተዘረጉ ጅማቶች አሉ። አንጓው ራሱ የ8 ትንንሽ አጥንቶች ስብስብ ነው። በእነዚህ አጥንቶች በኩል ባለች አንዲት ጠባብ መተላለፊያ 9 ጅማቶችና 1 ነርቭ ያልፋሉ።

እጀታን አንቀን ስንይዝ በክንድ ፊትና በክንድ ጀርባ ያሉ ጡንቻዎች እርስ በርሳቸው ይጎታተታሉ። አንጓው እንደ ደረቅ እንጨት ይገተራል። ለመሬቱ ሊደርስ የሚገባው ኃይል እዚያው ክንዳችን ውስጥ ያልቃል። ዶማው ድንጋይ ሲመታም ንዝረቱ ወደ ክርንና ወደ ትከሻ ይወጣል። ይህ ለብዙ ጊዜ ሲደጋገም ጅማቶች ያብጣሉ፤ ነርቩም ይጨቆናል። ያን ጊዜ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና መሐል ጣት ይደነዝዛሉ፤ በተለይም ሌሊት። ሲከር ይበጠሳል የሚባለው ለዚህም ይሆናል።

ከደጋ የመጣችሁ ጅራፍ ታውቃላችሁ። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ስለሚሄድ ነው። አንጓውን ገትሮ ጅራፍ ያስጮኸ እረኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በታኅሣሥ 29 የገና ጨዋታም ሩሯን አርቆ የሚመታት አንጓው የተፍታታው ልጅ ነው።

ጎልፍ የሚባል የፈረንጆች ጨዋታም አለ። አዲስ አበባም ውስጥ ሲጫወቱት ኖረዋል። 46 ግራም የማይሞላ ኳስ በዘንግ ይመታል። ጎበዝ ተጫዋች ከ200 ሜትር በላይ ይሰደዋል። ለጀማሪ ከሚሰጠው ምክር አንዱ ምን መሰላችሁ? «ዘንጉን አትነቀው፤ አንጓህን አላላ» የሚል ነው። የባሮ ዳር አዛውንት የጎልፍ ሜዳ አላዩም። ምክሩ ግን አንድ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ በዶማም ሆነ በመጥረቢያ ስንሠራ እነዚህን እናስታውስ፦

አንደኛ፣ ኃይሉ ከእግርና ከወገብ ይምጣ። እግራችንን ከፈት አድርገን እንቁም።

ሁለተኛ፣ ስናነሳ አንጓችንን እናላላ። ጠበቅ የምናደርገው ብረቱ ሊያርፍ ሲል ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ዛቢያው ልሙጥና ለመዳፍ የሚሞላ ይሁን። በጣም ከቀጠነ እጅ ሳያውቀው ያንቀዋል። ብረቱም የተሳለ ይሁን፤ የደነዘ ብረት ኃይል ይፈጃል።

አራተኛ፣ ማላላት ማለት መልቀቅ አይደለም። ላባችንን እንጥረግ። ብረቱ ከዛቢያው እንዳይወልቅ በሽብልቅ እናጥብቀው። ልጆች አጠገባችን አይቁሙ።

አምስተኛ፣ ጣታችን ከደነዘዘ ወይም አንጓችን ካበጠ እንረፍ። ካልተሻለን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

አሁን ወደ እርሳስ ልመለስ። ከመካከላችን አንዲት እናት አሉ። ቀን ሲቆፍሩ እጃቸው እንደ ውኃ ይፈሳል። ማታ ግን እርሳሱን አንቀው ወረቀቱን ይበሱት ነበር። የእርሳሱም ጫፍ ይሰበራል። በመጨረሻ፣ «እጄ ለዶማ እንጂ ለፊደል አልተፈጠረም» አሉና 3 ማታ ቀሩ። ጠፍተው ሊቀሩ ነው ብዬ ፈራሁ። ቤታቸው ሄድኩና፣ «እናቴ፣ እርሳሱን ለምን ያንቁታል? አያመልጥዎትም እኮ!» አልኳቸው። ነገሩን የሰማሁት ከማን እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁ። በማግስቱ መጡ። እጃቸውን አላልተው ስማቸውን ከዳር እስከ ዳር ጻፉ። ወረቀቱም አልተበሳ።

እኔ ዶማ አያያዝ ከእናንተ ተማርኩ። እናንተም ያንኑ ትምህርት ለእርሳስ አውሉት። እጃችሁ ጠንካራ ስለሆነ ፊደል አይከብደውም። ማላላትን ያውቅበታልና።



ለውይይት

1. እጀታን አንቆ መያዝ በእጅ ላይ ምን ጉዳት ያመጣል?

2. በቀበሌያችሁ አንጓ ማላላት የሚጠይቁ ሌሎች ሥራዎች የትኞቹ ናቸው?

3. እርሳስ ይዛችሁ ስማችሁን ጻፉ። ጎረቤታችሁ እርሳሱን ከላይ ይሳበው። ሳይታገል ከወጣለት አያያዛችሁ ጥሩ ነው።