ኮሌስትሮል የሀብታም በሽታ ነውን?





በአራዳና በፒያሳ ኮሌስትሮል ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ጮማ የሚቆርጥ፣ ቦርጩ የገፋ ባለመኪና ነው። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ፣ ሥጋም የምቀምሰው በዒድ ነው፤ ምን አገባኝ?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህ ንግግር በተለይ ለእነርሱ ነው።

ኮሌስትሮል መርዝ አይደለም። አካላችን የሴሎቹን ሽፋን፣ ሐሞትንና አንዳንድ ሆርሞኖችን የሚሠራበት ስብ መሰል ነገር ነው። አብዛኛውን የሚያመርተው ራሱ ሰውነታችን ሲሆን ዋናው ፋብሪካ ጉበት ነው፤ ከምግብ የሚገኘው ትንሹ ክፍል ነው። እንግዲህ ጉበቱ ከደም ውስጥ ትርፉን በደንብ መልሶ የማይሰበስብ ሰው ሥጋ ባይቀምስም ኮሌስትሮሉ ሊጨምር ይችላል። ይህ ጉድለት በዘር የሚወረስበት ጊዜ አለ፤ በዓለም ላይ ከ300 ሰዎች አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። በቤተሰባችሁ ወንድ ከ55 ዓመቱ በፊት፣ ሴት ከ65 ዓመቷ በፊት በልብ ሕመም ወይም በድንገት የሞተ ሰው ካለ «አጀሉ ደርሶ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በቀደር እናምናለን፤ የልጆቹ መመርመር ግን ከቀደር ጋር አይጣላም።

መመርመር ያስፈለገበትም ምክንያት ይህ ነገር አያምም፣ አያሳክክም፣ ራስም አያዞርም። ኤል ዲ ኤል የሚባለው ዓይነት ለዓመታት የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየሰረገ ይከማቻል፤ ክምችቱ አንድ ቀን ሲፈነዳ ደም ይረጋበትና መንገዱን ይዘጋዋል። በልብ ከሆነ የልብ ሕመም፣ በአንጎል ከሆነ ስትሮክ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ሞት የሆነባቸው አሉ።

የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ አራት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። ጠቅላላው ከ200 ሚሊግራም በታች ቢሆን መልካም ነው፤ 240ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ኤል ዲ ኤል ከ100 በታች ይመረጣል፤ የልብ ሕመም ለያዘው ሰው ግን ከ70 በታች እንዲወርድ ይፈለጋል። ኤች ዲ ኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 ባያንስ ጥሩ ነው። ትራይግሊሰራይድ ደግሞ ከ150 በታች። ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ሲጋራ ሲጨመርበት ያው ቁጥር የበለጠ ያስፈራልና ትርጉሙን ሐኪሙ ይንገራችሁ።

ወደ ማጀታችን እንግባ። «ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ጽሑፍ በዘይት ጀሪካን ላይ ታያላችሁ። እውነት ነው፤ ከእህልና ከፍሬ የሚወጣ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጉበትን ኤል ዲ ኤል እንዳይሰበስብ የሚያሰንፍ ቅባት ነው። ንጥር ቅቤም ከዚህ ይብሳል። የኑግ ዘይታችን ግን ከዚህ ቅባት ያለው ጥቂት ነው፤ እናቶቻችን ሳይማሩ ያወቁት ይመስለኛል። በረመዷን ሳምቡሳውን ደጋግሞ በተቃጠለ ዘይት ከመጥበስ የአጃ ሾርባውን ማብዛት ይሻላል፤ አጃና ገብስ ውስጥ ያለው አሰር ኮሌስትሮልን በእርግጥ ይቀንሳል። ምስርና ሽሮም ከዚህ ወገን ናቸው።

ስለ ቡና ብናገር የፒያሳ ሰው ሊቀየመኝ ይችላል። በወረቀት ያልተጣራ ቡና ካፌስቶል የሚባል ኤል ዲ ኤልን ከፍ የሚያደርግ ቅባት አለው። የጀበና ቡና አተላው ቢዘቅጥም ቅባቱ ሲኒው ውስጥ ይቀራል፤ የማኪያቶው ቡናም ጥቂት አያጣውም። ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ሐራም ነው አላልኩም! ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ግን በቀን ሦስት ጊዜ ከሚያስፈላ አንዴ ቢያደርገው ይጠቀማል። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር በእግር ወርዶ መመለስም ለፒያሳ ሰው የተዘጋጀ የስፖርት ሜዳ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ ባገኘው ነገር የተጀመሩት ስታቲን የተባሉ እንክብሎች ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪም ይታዘዛሉ፤ ዕድሜ እንደሚያስረዝሙም በብዙ ሺህ ሕመምተኞች ላይ ታይቷል። ሰዎቻችን ግን ሦስት ወር ውጠው ቁጥሩ ሲወርድ «ድኛለሁ» ብለው ይተዉታል። ቁጥሩን ያወረደው እንክብሉ ነው፤ ሲቆም ይመለሳል። ሌሎች ደግሞ በጥቁር አዝሙድ ይተኩታል። ጥቁር አዝሙድ በእኛ ዘንድ ያለውን ክብር አውቃለሁ፣ እኔም እወስደዋለሁ፤ በሐኪም የታዘዘን እንክብል ግን አይተካም። ሰበብን ማድረስ ሁለቱንም ይጨምራል። ጡንቻ ካመማችሁ ወይም እርግዝና ካለ ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ ዝም ብላችሁ አታቋርጡ።

ጾም ለዚህ ሁሉ እንቅፋት አይደለም። አብዛኞቹ እንክብሎች በቀን አንዴ ስለሚወሰዱ ከኢፍጣር በኋላ መዋጥ ይቻላል። ምርመራውንም አንዳንድ ላቦራቶሪ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ሳይበላ የቆየ ሰው ይፈልጋል፤ በረመዷን ከዐሱር በኋላ የሄደ ሰው ይህን አሟልቶ ይደርሳል። ጥቂት ደም መስጠት ጾም ያፈርስ እንደሆነ ሸኻችንን ጠይቁ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲነሡ ወደ ሩቅ የሄዳችሁ ወንድሞችና እህቶችም የድሮ የምርመራ ወረቀታችሁን ይዛችሁ በአዲሱ ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ክትትላችሁን ቀጥሉ።