መርፌውና የመንገድ ወረቀቱ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሐዋሳ ባህል አዳራሽ በጤና ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



 እኛ የጤና ክበብ አባሎች አርእስቱን ስንመርጥ ብዙ ተከራክረን ነበር። እኩሌቶቻችን ስለ ወባ፣ እኩሌቶቻችን ስለ ሐይቃችን ንጽሕና ይሁን አልን። በመጨረሻ ግን ከመካከላችን አንዱ ያነሣው ጥያቄ ሁላችንንም ስለ ያዘን በእርሱ ተስማማን። ጥያቄውም ይህ ነበር፤ ሰው ክትባት የሚከተበው በሽታውን ፈርቶ ነውን? ወይስ መንገድ እንዳይዘጋበት ፈርቶ ነው?

ነገሩን ያስነሣው የኮሮና ዘመን ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ወዲያው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በወሩም ማለቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ዛሬ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግታችሁ የተቀመጣችሁበትን ይህን የመሰለ አዳራሽ ሁሉ ባዶ ሆኖ ዋለ። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣ መንገደኛ በራሱ ገንዘብ በሆቴል 14 ቀን ተለይቶ እንዲቀመጥ ታዘዘ። በኋላም ደንቡ ተሻሽሎ፣ ከመድረሱ በፊት ባሉት 120 ሰዓቶች ውስጥ የተደረገ፣ ከበሽታው ነጻ መሆኑን የሚያስረዳ የምርመራ ወረቀት ከመንገደኛው ይጠየቅ ጀመር። በዚያን ጊዜ ክትባት ገና አልተገኘም ነበርና መንገደኛው የሚከፍለው ገንዘቡንና ጊዜውን ብቻ ነበር።

ክትባቱ ወደ አገራችን የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። 2.2 ሚሊዮን ያህል መጠን የአስትራዜኔካ ክትባት ቦሌ ደረሰ፤ የመጀመሪያው በሽተኛ ከተገኘ ልክ ዓመት በሞላው ቀን፣ መጋቢት 4፣ መከተብ ተጀመረ። ዋጋ የሚጠየቅበት አልነበረም፤ በነጻ ነው። ዳሩ ግን በነጻ የሚሰጥ ነገር ሁሉ እጅ ተዘርግቶ ይቀበሉታል ማለት አይደለም። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከየቤታችን እናውቀዋለን።

የአንድ ጓደኛችን አጎት ነጋዴ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሦስት ጊዜ ከደጃቸው መጥታ «ጋሼ፣ ይከተቡ እንጂ» ብትላቸው፣ አንድ ጊዜ «ሥራ ላይ ነኝ»፣ አንድ ጊዜ «ጾም ላይ ነኝ»፣ ሦስተኛውን ጊዜ ግን ፊት ለፊት «አልፈልግም» ብለው መለሱአት። እኚህ ሰው ክፉ አልነበሩም፤ በሽታውንም አልናቁትም። በገበያ የሚወራውን ወሬ ሰምተው ጥቂት ፈሩ፤ ከዚያም «ነገ ይደረጋል» እያሉ ቀን ገፉ። እንዲህ ሳለ በ2014 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ከሁለት ዓመት መዘጋት በኋላ ሐጅን ለውጭ አገር ምእመናን ከፈተ። የተቀባዩ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ነበር። ዕድሜው ከ65 ዓመት በታች ያልሆነ፣ ክትባቱን ያልፈጸመ፣ ከመነሣቱም በፊት ባሉት 72 ሰዓቶች ያልተመረመረ አይገባም ተባለ። ይህን የሰሙ ዕለት አጎትየው ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ሁለተኛውንም መርፌ ቀኑን ቈጥረው ተቀበሉ። ለምርመራውም ከኪሳቸው ከፈሉ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ደንብ ሰውን ያስገድዳል» ብለን እናልፈው ነበር። ነገር ግን የተከተለው ነገር ይበልጥ ያስደንቃል። የእኚሁ ሰው እናት፣ የጓደኛችን አያት፣ ከሐዋሳ ርቀው የሚሄዱበት ጉዳይ የላቸውም፤ ፓስፖርትም የላቸውም። ክትባቱንም እንደ ልጃቸው እምቢ ብለው ነበር። ልጃቸው ከሐጅ በደኅና ተመልሰው በቤት ውስጥ ሲወጡ ሲገቡ ባዩአቸው ጊዜ ግን «አንተን ምንም ካላደረገህ እኔንስ ምን ያደርገኛል?» ብለው በራሳቸው ፈቃድ ተከተቡ። እኚህን እናት ያመጣቸው የሳዑዲ ደንብ አይደለም፤ የልጃቸው ጤንነት ነው። ቢሆንም ደንቡ ባይኖር ኖሮ ልጅየው አይከተቡም ነበር። እንግዲህ የመንገድ ደንብ አንዳንድ ጊዜ መንገደኛውን ብቻ ሳይሆን በቤት የቀረውንም በተዘዋዋሪ ይነካዋል ማለት ነው።

አሁን ስለ ምርመራው ዋጋ እንናገር። ክበባችን ይህን በሰሌዳ ላይ አስልቶ ነበር። ምርመራ የሚያገለግለው ለአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ነጋዴው በዓመት ስድስት ጊዜ ወደ ዱባይ ቢመላለስ ስድስት ጊዜ ይከፍላል፤ ለመመለሻው ሌላ ከተጠየቀም አሥራ ሁለት ጊዜ። ክትባት ግን በነጻ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፈጸመም ለብዙ መንገድ ይበቃል። ስለዚህ ደንቡ «ወይ ተከተብ ወይ ተመርመር» ሲል፣ የተመላላሹ ሰው ልብ ወደ ክትባቱ ያዘነብላል። «ተከተብም ተመርመርም» ሲል ግን ክትባቱ ምንም ወጪ አያስቀርለትም፤ የሚከተበው እንደ አጎትየው መንገዱ እጅግ የተወደደበት ሰው ብቻ ነው። «ብትከተብም ባትከተብም ያው ነው» የሚል ደንብ ሲመጣ ደግሞ፣ ሰውየው «ታዲያ ምን አደከመኝ?» ቢል ልንፈርድበት አንችልም።

እንዲህ ያለ ደንብ በእርግጥ ነበር። እንግሊዝ አገር በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ቀይ መዝገብ በተባለው ዝርዝር ውስጥ አስገባች። በዚያ ነዋሪ የሆኑ ወገኖቻችን ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ በተመደበላቸው ሆቴል 10 ቀን እንዲዘጋባቸው ተደረገ። የሆቴሉና የምርመራው ዋጋ በመጀመሪያ ለአንድ ሰው 1,750 ፓውንድ ነበር፤ ከነሐሴ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ 2,285 ፓውንድ ሆነ። ሁለቱንም መርፌ የተወጋውና አንድም ያልተወጋው እኩል ከፈሉ። ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ የወጣችው ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የክትባት መታወቂያ ሲያወጣ፣ በሕንድ አገር ፋብሪካ የተሠራውን አስትራዜኔካ በመላው ኅብረት ከሚታመኑት ክትባቶች ቍጥር አላስገባውም፤ እያንዳንዱ አገር እንደ ወደደ ያድርግ ተባለ። ወደ እኛ በመጀመሪያ የመጣው ግን ይኸው የሕንዱ ነበር! «ተከተቡ» ተብሎ የተከተበ ሰው፣ በሩ ላይ ሲደርስ «የአንተ መርፌ አይቈጠርም» ቢባል፣ ለጎረቤቱ ምን ብሎ ይመክራል? በዚህ ነገር እኛ ተቈጥተናል፤ ቍጣችንንም ልንሸሽገው አልወደድንም።

ደንቡ በትክክል ሲሠራም የታየበት አገር አለ። ሐምሌ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን ያልተከተበ ወይም ያልተመረመረ ሰው ምግብ ቤት፣ ረጅም መንገድ የሚሄድ ባቡርና አይሮፕላን እንደማይገባ፣ በነጻ የነበረውም ምርመራ በበልጋቸው ወራት በዋጋ እንደሚሆን በቴሌቪዥን ተናገሩ። በአንድ ቀን ውስጥ ከ900,000 በላይ ሰዎች የክትባት ቀጠሮ ያዙ። ከጥቅምት 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያልተከተበና የሐኪም ትእዛዝ የሌለው ሰው ለምርመራ እንደ ዓይነቱ 22 ወይም 44 ዩሮ ይከፍል ጀመር። ጀርመንም በዚሁ ወር ነጻውን ምርመራ አቋረጠች፤ ነገር ግን በሽታው እንደገና ሲበረታ ከአንድ ወር ጥቂት ብቻ በሚያልፍ ጊዜ ውስጥ መልሳ በነጻ አደረገችው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ምርመራ ሲወደድ፣ ያልተከተበው ሰው ይከተባል ብለን ስንጠብቅ፣ ሳይመረመር ታሞ በመካከላችን ሊዞር ይችላልና። ስድስት አገሮችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎችም በኋላ እንዳገኙት፣ እንዲህ ያለው ደንብ በፈረንሳይና በኢጣሊያ ተከታቢውን ሲያበዛ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው» ትሉ ይሆናል። እንግዲያስ ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ከኮሮና በፊት የመንገደኛ ወረቀት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቢጫውን ካርድ ነበር፤ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ነው። መርፌው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ይጸናል፤ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህም ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ይህን ካርድ የሚይዘው ማን ነው? አይሮፕላን የሚሳፈረው ነው። ቢጫ ወባስ የሚኖረው ወዴት ነው? በአይሮፕላን ጣቢያ አይደለም። ከ1952 እስከ 1955 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በደቡብ ምዕራብ አገራችን፣ በኦሞ ሸለቆ፣ ይህ በሽታ 100,000 ያህል ሰው አሳምሞ 30,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። እንደገናም በ2010 ዓ.ም. ማለቂያ ከእኛ ብዙ በማይርቀው በወላይታ፣ በኦፋ ወረዳ ተነሣ። እስከዚያ ቀን ድረስ የቢጫ ወባ ክትባት ከሕፃናት መደበኛ ክትባቶች ውስጥ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የሚበር ሰው ተከትቧል፤ ትንኟ ባለችበት ሠፈር የሚያርሰው የኦፋ ገበሬ ግን መርፌውን ያየው በሽታው ከመጣ በኋላ ነው። ወደ ገበያ ሲወርድ ካርድ የሚጠይቀው የለምና።

ይህን ስናነብ ለብዙ ጊዜ ዝም ብለን ተያየን። የመንገድ ደንብ የሚጠብቀው በሩን ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን ሰው ከበሽታ ለማዳን የወጣ አይደለም፤ በሽታው ወደ ሌላው አገር እንዳይሻገር የወጣ ነው። ስለዚህ ደንቡ ያልደረሰበትን ሰው መርፌ እንዲደርሰው የሚያደርግ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ዋጋውን ማን ይክፈል የሚለውም ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውንና የመጓጓዣውን ወጪ በአሠሪው ላይ ሲያደርግ፣ የፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውንና የክትባቱን ወጪ ግን ሠራተኛዋ እንድትከፍል አደረገ። ከመካከላችን የአንዲቱ ታላቅ እኅት ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ስትሰናዳ እናቷ ለዚህ ወጪ አንዲት ጊደር ሸጡ። ሥራ ሳይጀመር፣ ደመወዝ ሳይታይ ጊደሯ ሄደች። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የምርመራና የክትባት ወረቀት እንደ ጤና ነገር አይታይም፤ እንደ ቀረጥ ይታያል። ቀረጥ የሆነውን ነገር ደግሞ ሰው ሊያመልጠው ይሞክራል፤ በኮሮናም ጊዜ በብዙ አገር ሐሰተኛ የምርመራና የክትባት ወረቀት የተሸጠው ከዚሁ የተነሣ ይመስለናል። ወረቀቱን የገዛው ሰው በሩን አልፏል፤ ሰውነቱ ግን እንደ ነበረ ነው።

የኮሮናው የመንገድ ደንብ ዛሬ ከብዙ አገር ተነሥቷል። አሜሪካ እንኳ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ ዜጎች የምትጠይቀውን የክትባት ማስረጃ በግንቦት 2015 ዓ.ም. አስቀርታለች። በሩ ሲከፈት፣ በበሩ ምክንያት ይከተብ የነበረው ሰው ወዴት ይሄዳል ብለን ስናስብ፣ ነገሩ ወደ ራሳችን ትምህርት ቤት መለሰን።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን 14 ዓመት የሞላቸው ልጃገረዶች የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በነጻ ይሰጣቸው ጀመር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሁሉ በዘመቻ ተሰጠ። ይህ ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚደርሱት ካንሰሮች በብዛት ሁለተኛው ነው። ክትባቱን የሚጠይቅ አንድም የድንበር ዘበኛ የለም። ማስረጃው ቪዛ አያስገኝም፤ ሆቴል አያስቀርም፤ የምርመራ ገንዘብ አያተርፍም። «ልጆቻችንን መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ በየቤቱ ሲዞርም እናንተ ወላጆች ሰምታችኋል። ይህ ወሬ እውነት አይደለም። ደንብ የማያግዘው፣ ገንዘብ የማይገፋው ክትባት ይህ ነው፤ እንግዲህ የሚቀረው የመምህርቷ ቃልና የእናት እምነት ብቻ ነው።

ያችው እኅቷ ወደ ዐረብ አገር የሄደችባት ጓደኛችን ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት የተሰጣትን የክትባት ማስታወቂያ ለእናቷ ስታሳይ፣ እናቷ ወረቀቱን ገልብጠው አይተው፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ «አንቺም ልትሄጂ ነው? ይህ ደግሞ ለየትኛው አገር ነው?» አሏት።

«እማዬ፣ የትም አልሄድም፤ ለዚሁ ለሐዋሳ ነው» አለቻቸው።

እናትየው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ገንዘብ እንደማያስፈልገው ሁለት ጊዜ ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ፣ በማግሥቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሸኟት።