የስፌትና የዳንቴል ዕቃ በስልክ ገበያ ስለመሸጥ

የማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር። ስብሰባው ላይ ያልተገኙ የሠፈሩ ነዋሪዎች ሁሉ እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።



 ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባችን አንዳንድ እህቶቻችን ጥያቄ አቅርበው ነበር። ጥያቄው ባጭሩ፣ ከማኅበሩ የቁጠባ ሣጥን ብድር ይሰጠንና የዳንቴል ክር፣ ኪሮሽ፣ የጥልፍ ክርና መርፌ ከአዲስ አበባ አምጥተን በቴሌግራም እንሽጥ የሚል ነው። ኮሚቴው ነገሩን አይቼ ለአባላት እንዳስረዳ ስላዘዘኝ፣ ያየሁትንና ያሰብኩትን እነሆ አቀርባለሁ።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እንጀራ የምትሸጥ እናት፣ የቀን ሥራ የሚሠራ አባት በየወሩ ያስቀመጡት ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማችን ወልድያ በጦርነት ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ ብዙ ሱቅ ባዶውን ቀርቶ እንደነበር የሚረሳው የለም። ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ስለሆነም ይህን ገንዘብ ስናበድር ልጆቻችን ሥራ እንዲያገኙ እያሰብን፣ ገንዘቡም እንዲመለስ መጠንቀቅ አለብን። ሁለቱም እኩል ያሳስበናል።

ይህ ንግድ ምንድር ነው? ዕቃው ትርፍ ጊዜውን በእጅ ሥራ ለሚያሳልፍ ሰው የሚሸጥ ነው። አስተማሪዋ ከሥራ ስትመለስ ዳንቴል ትሠራለች፤ ተማሪዋ ትራስ ትጠልፋለች፤ እናት ቡናው እስኪፈላ ሰፌዷን ትሰፋለች። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ያለቀለትን ዕቃ ሳይሆን መሥሪያውን ነው። የዚህ ንግድ መልካም ጎኑ ደንበኛው ተመልሶ መምጣቱ ነው። የጠረጴዛ ልብስ የጀመረች ሴት ክሩ ቢያልቅባት ሥራዋን ግማሽ ላይ አትተወውም፤ ያንኑ ክር ፍለጋ ትመጣለች። መጥፎ ጎኑም እዚያው ነው። ያንኑ ክር ካጣች ወይም የተለየ ቀለም ከተላከላት ዳግመኛ አትመለስም።

በዓለምም ቢሆን ይህ ንግድ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በ2005 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ኤትሲ የሚባል የኢንተርኔት ገበያ አለ። በእጅ የተሠራ ዕቃና የእጅ ሥራ መሥሪያ የሚሸጡ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነው። ነገር ግን ገበያው በነጻ አያስቀምጥም። አንድ ዕቃ ለመለጠፍ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል፤ ሲሸጥ ደግሞ ከሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ 6.5 እጅ ይወስዳል። በ10 ዶላር የተሸጠ ዕቃ ገንዘብ ማስተላለፊያው ሳይቆጠር 85 ሳንቲም ይቀነስበታል ማለት ነው። በእኛ ሀገር በቴሌግራም ቻናል መለጠፍ የቦታ ኪራይ የለውም። ሆኖም የመለጠፊያ ኪራይ የለውም ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ኮሚቴው እንዲታይለት የሚፈልገውን በየተራ ልግለጽ።

አንደኛ፣ ምን እንሽጥ የሚለው ነው። ከመርካቶ የመጣን የዳንቴል ክር መልሶ ለአዲስ አበባ ሰው በቴሌግራም መሸጥ አያዋጣም። የአዲስ አበባ ሰው መርካቶ ደጁ ነው፤ የእኛን የመኪና ሂሳብ ለምን ይከፍላል? ያንን ክር መሸጥ የሚቻለው እዚሁ ለወልድያ፣ ለመርሳ፣ ለውርጌሳና ለሲሪንካ ሰው፣ እንዲሁም ለዩኒቨርስቲው ተማሪና ለመንግሥት ሠራተኛው ነው። ወደ ሩቅ መላክ ያለበት ደግሞ እነሱ የሌላቸው፣ እኛ ያለን ነገር ነው። ይኸውም ሰንደዶ፣ አክርማ፣ የተነከረ አለላ፣ በእጅ የተፈተለ ፈትል ነው። በከተማ ሞሰብ መስፋት የምትችል፣ ሰንደዶ ግን የምታጣ ስንት ሴት አለች! ከሐብሩ ገጠር ወደዚያ የሄዱ ዘመዶቻችን ሰው በመጣ ቁጥር "ሰንደዶ ላኩልን" ሲሉ አልሰማችሁም ወይ? ገበያው እሱ ነው።

ይሁን እንጂ ሰንደዶ ወቅት አለው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መስከረም አካባቢ ካልተለቀመና በደንብ ካልደረቀ በኋላ የለም። ርጥብ ሆኖ የታሰረ ይሻግታል፤ የሻገተ ሰንደዶ ደግሞ ሞሰቡ ሲሰፋ ይሰበራል። ስለዚህ በዚህ ዕቃ የሚነግድ ሰው ለዓመት የሚበቃውን በጊዜው ገዝቶ ውሃና አይጥ በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ አለበት። ለቃሚዎቹ እረኞችና የገጠር ልጃገረዶች ስለሆኑ፣ ለእነሱም ተገቢው ዋጋ ሊከፈላቸው ይገባል። የእነሱን ድካም አርክሰን የምናተርፈው ትርፍ ለሠፈራችን ስም አይበጅም።

ሁለተኛ፣ ሂሳብ ነው። አበው መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው ይላሉ። መደመርና ማካፈል የሚችል ሰው ሁሉ ይህን ሊሠራው ይችላል። ለምሳሌ 20 ጥቅል ክር አንዱን በ100 ብር ገዛን እንበል። ዋጋው ለስሌት ብቻ የተወሰደ ነው። የክሩ ዋጋ 2,000 ብር ሆነ። የመኪና ጭነት 300፣ የተሸካሚና የታክሲ 100፣ የላስቲክ ከረጢት 40፣ የሞባይል ካርድ 160 ብር ቢሆን ተደምሮ 600 ብር ነው። ጠቅላላ ወጪው 2,600 ብር ይሆናል። ለ20 ቢካፈል አንዱ ክር 130 ብር ወጥቶበታል። በ100 ገዝቼ በ125 ሸጥኩ፣ 25 ብር አተረፍኩ የሚል ሰው በእውነቱ በእያንዳንዱ 5 ብር ከስሯል።

እዚህ ላይ አያበቃም። ከ20ው ሁለቱ ቢቆሽሹ ወይም ቀለማቸውን የሚፈልግ ቢጠፋ፣ ወጪውን የሚሸከሙት 18ቱ ናቸው። ያን ጊዜ አንዱ ወደ 145 ብር ይጠጋል። ደግሞም ክሩና ኪሮሹ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ በድሮው ዋጋ የሸጠ ነጋዴ ዕቃው ሲያልቅ ያንኑ ያህል መልሶ መግዛት ያቅተዋል። ከላይ ባየነው ስሌት የክሩ መግዣ 120 ብር ቢገባ፣ 18ቱ ክር በአማካይ 167 ብር ካልተሸጡ ቀጣዩን 20 ክር ማምጣት አይቻልም። የሻጭዋ ድካም ገና አልታሰበም። ስለዚህ ዋጋ ሲወጣ የትናንቱን መግዣ ብቻ ሳይሆን የነገውንም ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ እምነት ነው። በገበያ ቀን ገዢዋ ክሩን ትዳስሳለች፣ ወደ ፀሐይ አውጥታ ታየዋለች። በስልክ ግን የምታየው ፎቶ ብቻ ነው። ስለሆነም ፎቶው በቀን ብርሃን፣ ደጅ ላይ ይነሳ፤ ማታ በአምፑል የተነሳ ቀለምን ይለውጣል። ከሥሩም ልኩ ይጻፍ። የኪሮሹ ቁጥር በሚሊ ሜትር፣ የክሩ ክብደት በግራም፣ ርዝመቱ በሜትር፣ ሰንደዶው እስሩ ስንት ፍሬ እንደሆነ ይገለጽ። በክሩ ወረቀት ላይ የቀለም ቁጥርና ክሩ የተነከረበት ዙር ቁጥር የሚታተምበት ጊዜ አለ። አንድ ዓይነት ቀይ እንኳ ሁለት ጊዜ ሲነከር ይለያያል። እንግዲህ ወረቀቱ አይጣል፤ ገዢዋም ለሥራዋ የሚበቃትን ከአንድ ዙር ባንድ ጊዜ እንድትወስድ ይነገራት። ይህን የነገራት ሻጭ ደንበኛ አፈራ ማለት ነው።

እንከን ያለው ዕቃ ከነእንከኑ ተነግሮ በቅናሽ ይሸጥ። የመላኪያውን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል፣ ዕቃው ቢበላሽ ማን እንደሚመልስ ሳይላክ በፊት በጽሑፍ ይነጋገሩ። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተላከ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን አያጣም። ስለዚህ የተጻጻፉትን አያጥፉት፤ ክርክር ቢነሳ ይጠቅማል።

አራተኛ፣ ገንዘብ አቀባበል ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ገንዘብ መቀበል ቀሏል፤ አታላዩም አብሮ ቀሎታል። "ልኬልሻለሁ፣ ይኸው" ብሎ የተቀነባበረ መልእክት ወይም ስክሪንሾት የሚያሳይ አለ። የገዢውን ስልክ አይታችሁ ዕቃ አትስጡ። የራሳችሁን ሂሳብ በራሳችሁ ስልክ በ*127# ገብታችሁ እዩ፤ ገንዘቡ ከገባ ዕቃው ይውጣ። የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ማንም ይሁን ማን፣ የድርጅት ሠራተኛ ነኝ ቢል እንኳ፣ አይነገረው። ይህን ለልጆቻችን ብቻ ሳይሆን ለእናቶቻችንም በየቤቱ እናስረዳ።

አምስተኛ፣ ኔትወርክ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ። በቴሌግራም ብቻ ይነግድ የነበረ ሰው ያን ጊዜ ሱቁ በላዩ ላይ ተቆለፈበት ማለት ነው። መንገድ የሚዘጋበትም ቀን አለ። እንግዲህ የስልኩ ገበያ አንድ እግር ይሁን፤ ሌላው እግር መሬት ላይ ይቁም። የደንበኞች ስም፣ ስልክ ቁጥርና የሚገዙት ክር በደብተር ይጻፍ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ይደወላል፤ መደወሉም ባይቻል የገበያ ቀን ዕቃውን ይዞ መውጣት ይቻላል። ወልድያ የደሴ፣ የመቀሌና የባሕር ዳር መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች ገበያዋ ሰው አያጣም።

ስድስተኛ፣ ፈቃድና ግብር ነው። "በስልክ የሚሸጥ ማን ያየዋል" የሚል ወሬ እሰማለሁ። ይህ አይጠቅመንም። የገቢ ግብር ሕጉ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የድሮውን የግብር ደረጃ ይዞ መከራከር አይቻልም። ብድሩ ከመውጣቱ በፊት ልጆቹ ንግድ ጽሕፈት ቤትና ገቢዎች ሄደው፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይዘው ይምጡ።

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ኮሚቴው ጥያቄውን አልተቃወመም። ያልተስማማው ገንዘቡን ባንድ ጊዜ አውጥቶ ብዙ ዕቃ በመግዛቱ ላይ ነው። የማያዛልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል ይባላልና፣ የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ አቅርበናል።

ሀ/ ከተጠየቀው ብድር አንድ አራተኛው ብቻ ለመጀመሪያ ሦስት ወር ይሰጥ። ግማሹ ለዳንቴልና ለጥልፍ ዕቃ፣ ግማሹ ለሰንደዶ፣ ለአክርማና ለአለላ ይዋል።

ለ/ የገባውና የወጣው በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩም በየወሩ ለኮሚቴው ይታይ። የሞባይል ካርድም ሆነ የታክሲ ሂሳብ ሳይጻፍ አይለፍ።

ሐ/ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ዋናው ገንዘብ ሳይጎድል ከተገኘ ቀሪው ይፈቀድ። ከጎደለ ለምን እንደጎደለ በዚሁ ስብሰባ ይመከርበት፤ ልጆቹ ግን አይወቀሱ፤ ሥራ የሞከረ ሰው ይከበራል።

መ/ ስፌትና ፈትል የሚችሉ እናቶቻችን ሰንደዶውን በመምረጥና አለላውን በመንከር ልጆቹን ያግዙ፤ የድካማቸውም ዋጋ በሂሳቡ ውስጥ ይግባ። ጥሩውን ሰንደዶ ከመጥፎው መለየት የሚችሉ እነሱ ናቸው፤ ልጆቹ ደግሞ ስልኩን ያውቃሉ። ሁለቱ ካልተጋገዙ ንግዱ አይቆምም።

ጥያቄ ያቀረባችሁ እህቶቻችን፣ ገንዘቡ አነሰ ብላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ አብሽሩ። ትንሽ ገንዘብ በትክክል ከዞረ ትልቁን ይጠራል። ሌሎቻችሁም አባላት፣ የራሳችሁ ገንዘብ ነውና ሐሳባችሁን ሳትሸሽጉ ስጡ። የውሳኔ ሐሳቡ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። እስከዚያ ድረስ መጠየቅ የሚፈልግ፣ በተለይም ሰንደዶ በአደራ የሚገኝበትን የሚያውቅ፣ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጥቶ ያነጋግረኝ።